ተራ፣ ዋስና ዕቁብ፦ በመርካቶ መተማመን የተገነባበት ታሪክ

መርካቶ በአዲስ አበባ፣ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ የሚገኝና ከአፍሪካ ትልልቅ ገበያዎች ጋር የሚጠቀስ የንግድ ሰፈር ሲሆን፣ ታሪኩ ብዙውን ጊዜ የሚተረከው በሕንፃዎቹ፣ በቃጠሎዎቹና ከባዶ ኪስ ተነሥተው ባለጸጋ በሆኑ ነጋዴዎቹ በኩል ነው። ከእነዚህ ሁሉ በታች ግን እምብዛም ያልተጻፈለት ሌላ ታሪክ አለ፤ ይኸውም ጎን ለጎን የሚሠሩ ሰዎች ያለ ውል፣ ያለ ማኅተምና ብዙ ጊዜም ያለ ፊርማ፣ አንዱ የሌላውን ዕቃ፣ ገንዘብና ቁልፍ ለመያዝ የበቁበት ሂደት ነው። ይህ መተማመን ከነጋዴዎቹ ደግነት ብቻ የመነጨ ወይም ከአገር ቤት ተሸክመውት የመጡት ባሕርይ ነው የሚለው የተለመደ አባባል በቂ ማብራሪያ አይሆንም። የገበያው አቀማመጥ፣ የሥራው አገባብና የዋስ ሥርዓት በየዕለቱ እየፈተኑ የሠሩት ነገር ስለሆነ፣ እንዴት እንደተሠራ ደረጃ በደረጃ መከተል ይቻላል።

የመጀመሪያው መሠረት ተራ ነው። ተራ ማለት አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሸጡ ወይም አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ ሰዎች በአንድ መስመር ተደርድረው የሚውሉበት የገበያ ክፍል ሲሆን፣ ሸማ ተራ፣ ሳጥን ተራ፣ ቆርቆሮ ተራ፣ ሸራ ተራ፣ ሚሊታሪ ተራ፣ አሮጌ ብረትና ውዳቂ ዕቃ እየተቀጠቀጠ አዲስ የሚሆንበት ምናለሽ ተራ፣ እንዲሁም በሌላ ስያሜ የሚጠሩት እህል በረንዳና በርበሬ በረንዳ በዚሁ ስልት የተደራጁ ናቸው። በእንዲህ ያለ አደረጃጀት የአንድ ነጋዴ የቅርብ ጎረቤት ተፎካካሪው ነው። ቀኑን ሙሉ የሚያየው፣ ሱቁን ዘግቶ ለጸሎት ወይም ለምሳ ሲሄድ ዓይኑን የሚጥልለት፣ የገዢውን ጠባይና የዕለቱን ዋጋ የሚነግረውም ይኸው ተፎካካሪ ነው። ገዢ መጥቶ በሱቁ የሌለውን ቁጥር ወይም ቀለም ሲጠይቅ፣ ባለሱቁ የለም ብሎ አይመልሰውም፤ ወንበር ስቦ ያስቀምጠውና የሱቁን ልጅ ወደ ሦስተኛው ወይም አራተኛው ሱቅ ይልከዋል። ዕቃው ዋጋው ሳይከፈል ይመጣል፣ ይሸጣል፣ ማምሻውን ሒሳቡ ለባለቤቱ ይደርሳል፣ ትርፉ ለሻጩ ይቀራል። በዚህ ልውውጥ ውስጥ ወረቀት የለም፤ ነገር ግን በአንድ ቀን ብዙ ጊዜ ስለሚደጋገምና ሁሉም በሁሉም ፊት ስለሚያደርገው፣ ገንዘቡን ያዘገየ ሰው በማግስቱ ልጁን ሲልክ ዕቃው ተሸጧል የሚል መልስ ይጠብቀዋል።

ይህ አሠራር ከመርካቶ በፊትም ሥር ነበረው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ የከተማዪቱ ዋና ገበያ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በሚገኘው በአራዳ የሚቆም ሲሆን፣ ቅዳሜ ትልቁ የገበያ ቀን ነበር። የገበያው ሹም ነጋድራስ ይባላል፤ ነጋድራስ ቀረጥ ከመሰብሰቡም በላይ በነጋዴዎች መካከል የሚነሣውን ክርክር የሚዳኝ ባለሥልጣን ሲሆን፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመን በዚህ ሹመት ከታወቁት አንዱ ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ነበሩ። በማርትሬዛ ብር የሚገበያየው ነጋዴ ለገንዘቡ የሚያስይዘው መተማመኛ ብዙውን ጊዜ ሰው ነበር። ዋስ የሚባለው ይህ ሰው፣ ባለዕዳው ቢጠፋ ወይም ቢክድ ዕዳውን ከራሱ ንብረት የሚከፍል፣ ተከሳሹን ከችሎት የሚያቀርብ፣ ቃሉን የሰጠ ተጠሪ ነው። በቀድሞው የኢትዮጵያ ሙግት ሥርዓት ዋስ ሳይጠሩ መከራከር የማይታሰብ ስለነበር፣ ነጋዴው በአራዳ የተጠቀመበት መሣሪያ በየገጠሩ ችሎት ያደገበት ልማድ ነው።

የጣሊያን ጦር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ የቅኝ ገዢው አስተዳደር ከተማዪቱን በዘር ለመለየት ባወጣው ፕላን መሠረት፣ አራዳና አካባቢው ለአውሮፓውያን እንዲሆን፣ የአገሬው ሰው ገበያ ደግሞ ወደ ምዕራብ እንዲዛወር ተወሰነ። አዲሱ ቦታ መርካቶ ኢንዲጄኖ፣ ማለትም የአገሬዎች ገበያ ተባለ፤ ከነጻነት በኋላ የመጀመሪያው ቃል ብቻ ቀርቶ የሰፈሩ ስም ሆነ። ታላቁ አንዋር መስጊድና የቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን በቅርብ ርቀት የቆሙትም በዚሁ ሰፈር ነው። በመለያየት ዓላማ የተቀየሰ ገበያ ከጊዜ በኋላ እስላምና ክርስቲያን፣ የአገር ሰውና የውጭ አገር ሰው፣ ጉራጌ፣ ስልጤ፣ ኦሮሞ፣ አማራ፣ ሐረሪና ትግሬ በአንድ ተራ የሚውሉበት ቦታ መሆኑ፣ ሥራ ሰዎችን የማቀራረብ ኃይሉ ምን ያህል እንደሆነ ያሳያል።

ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት በኋላ በነበሩት አሥርት ዓመታት በአስመጪነትና በጅምላ ንግድ ጎልተው የሚታዩት የየመን ዐረቦች፣ ሕንዶች፣ አርመኖችና ግሪኮች ነበሩ፤ ከጣሊያን ወረራ በፊትም እንደ መሐመድ አሊ ያሉ የሕንድ የንግድ ቤቶች ስማቸው የታወቀ ነበር። በየሰፈሩ ያለው ትንሹ ሱቅ እንኳ የዐረብ ቤት እየተባለ ይጠራ እንደነበር የዚያን ዘመን ሰዎች ያስታውሳሉ። በእነዚህ ሱቆች በተላላኪነት፣ በተሸካሚነትና በሱቅ ጠባቂነት ከገቡት ወጣቶች ብዙዎቹ ከጉራጌ ምድር የመጡ ነበሩ። የጉራጌ ምድር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ወደ ምኒልክ ግዛት ከተጠቃለለ በኋላ፣ የግብር ጫናና የእርሻ መሬት ጥበት ወጣቱን ወደ አዲስ አበባ ገፋው፤ እንሰት የሚያለማው ገበሬ ልጅ በከተማው ጫማ በመጥረግ፣ ዕቃ በመሸከምና ሱቅ በደረቴ እየተባለ በሚጠራው፣ ከአንገት በሚንጠለጠል ሣጥን በሚሸከሙት የአነስተኛ ዕቃ ንግድ ኑሮን ጀመረ። ስለ ጉራጌ የእንሰት ባህል በ1966 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ ያሳተመው አንትሮፖሎጂስት ዊሊያም ሻክም ሆነ፣ ከዓመታት በኋላ የጉራጌን የንግድ ሥራ ፈጠራ ያጠናው ወርቁ ንዳ ትኩረታቸውን የሳበው ይህ የከተማና የገጠር ትስስር ነው።

አዲስ መጪው ልጅ ያለ አገር ልጅ ወይም ያለ ዘመድ ሱቅ ውስጥ አይገባም ነበር። ያስገባው ሰው፣ ልጁ ቢሰርቅ ወይም ቢጠፋ ተጠያቂ ስለሆነ፣ ከመነሻው ጀምሮ የሁለት ሰው ስም በአንድ ልጅ ላይ ተይዟል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ረጅም ፈተና ነው። ልጁ መጀመሪያ ይጠርጋል፣ ውሃ ይቀዳል፣ ሻይ ያመጣል፣ ማታ ከሱቁ ውስጥ ከዕቃው መካከል ይተኛል፤ ቀጥሎ ዕቃ እንዲያደርስ፣ ከዚያ ሒሳብ ተቀብሎ እንዲመጣ፣ በኋላም ባለቤቱ በሌለበት እንዲሸጥ ይደረጋል፤ ወደ መጨረሻው ቁልፍ ይሰጠዋል። ባለሱቁን ጋሼ ወይም፣ መካ ደርሶ የመጣ ከሆነ፣ ሐጂ እያለ የሚጠራው ይህ ልጅ ደመወዙን በየወሩ አይቀበልም፤ በባለሱቁ ዘንድ በአደራ ይጠራቀምለታል፤ አደራ ማለት ባለቤቱ በጠየቀ ጊዜ እንዳለ ሊመለስ ለሌላ ሰው የተሰጠ ንብረት ነው። እዚህ ላይ ትኩረት የሚያሻው አደራው በሁለት አቅጣጫ የሚሄድ መሆኑ ነው። ባለሱቁ ሱቁን ለልጁ ሲያምን፣ ልጁ ደግሞ የዓመታት ልፋቱን ለባለሱቁ አምኗል፤ ስለዚህ ሁለቱም አንዱ የሌላውን በእጁ ይዟል። ከዓመታት በኋላ ልጁ ራሱን ሲችል የተጠራቀመው ገንዘብ ይሰጠዋል፤ ይልቁንም የሚረዳው ግን አሳዳሪው በዱቤ የሚሰጠው ዕቃ ነበር። ዱቤ፣ ማለትም ዋጋው በኋላ የሚከፈል ሽያጭ፣ ለአዲሱ ነጋዴ የመጀመሪያ ካፒታሉ ብቻ አልነበረም፤ ታማኝነቱ በተራው ሁሉ ፊት መመስከሩም ነበር። የዐረቡ ሱቅ ቀስ በቀስ በልጁ እጅ የገባው በዚህ መንገድ ሲሆን፣ ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ብዙ የመናውያን አገር ለቀው ሲሄዱ በነጋዴነት የተኳቸው በአብዛኛው በእነሱ ሥር ያደጉት ናቸው።

አሠራሩን ለማወደስ ብቻ መጻፍ ግን እውነቱን ያጎድላል። ልጁ የሠራበት ገንዘብ መጠን በባለሱቁ ህሊናና መዝገብ ላይ የተመሠረተ ስለነበር፣ በደል ሲደርስበት የሚያቀርበው ማስረጃ አልነበረውም። ዘመድና አገር ልጅ የሌለው ወጣት ደግሞ ከዚህ ክበብ ውጭ ሆኖ ለብዙ ዓመት በሸክም ሥራ ይቀር ነበር። ሴቶችም በእህልና በበርበሬ ንግድ እንዲሁም ዕቁብ በማደራጀት ትልቅ ድርሻ ቢኖራቸውም፣ ከሱቅ ልጅነት ተነሥቶ ባለሱቅ ወደ መሆን የሚያደርሰው መንገድ ለወንድ ልጅ የተበጀ ነበር።

ሁለተኛው መሠረት ዕቁብ ነው። ዕቁብ አባላቱ በየቀኑ፣ በየሳምንቱ ወይም በየወሩ እኩል ገንዘብ እየጣሉ የተሰበሰበው ሁሉ በዕጣ ለአንድ አባል እየደረሰ የሚዞርበት የቁጠባ ማኅበር ሲሆን፣ ዳኛ የሚባለው ሰብሳቢና ጸሐፊ ይመሩታል። አስፋው ዳምጤ በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የኢትኖሎጂ ማኅበር መጽሔት ላይ ስለ ዕቁብ መጻፉ፣ ጉዳዩ የምሁራንን ትኩረት ቀደም ብሎ እንደሳበ ያሳያል። በመርካቶ ዕቁብ ዋናው የመተማመን መፈተኛ ዕጣው የሚወጣበት ቅጽበት ሳይሆን ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት ነው። ስም የተጻፈባቸው ቁራጭ ወረቀቶች ተጠቅልለው ከዕቃ ውስጥ ይነቀነቃሉ፣ አንዱ ይወጣል፣ ስሙ ይነበባል፤ የደረሰው ሰው ግን ገንዘቡን ወዲያው አይወስድም። ገንዘቡን ተቀብሎ ቀሪውን መጣል ቢያቆም ጉዳቱ ገና ዕጣ ባልደረሳቸው ላይ ስለሚሆን፣ በዳኛው ፊት ተቀባይነት ያላቸውን ዋሶች ማቅረብ ይኖርበታል። ይልቁንም ገና ዕጣ ያልደረሳቸው አባላት ዋስ ሲሆኑ ይመረጣል፤ የዋሱ የራሱ ገንዘብ በዕቁቡ ውስጥ ስላለ፣ ባለዕዳው ቢቀር ከዋሱ ድርሻ ይያዛል። በመሆኑም ዕጣ የደረሰው ሰው በዚያች ሰዓት ዓይኑን ወደ ባልንጀሮቹ አዙሮ ማን ዋስ ሊሆነው እንደሚነሣ ያያል፤ ማንም ካልተነሣ፣ ገንዘቡ ቢደርሰውም ስሙ አልደረሰም። ብዙ ነጋዴ በተራው ያለውን ቦታ የሚለካው በዚህ ነው።

የቸገረው አባል ቀድሞ እንዲወስድ የደረሰው ሰው ዕጣውን የሚለውጥበት ወይም በጥቂት ቅናሽ የሚሸጥበት ልማድም አለ። ልጁ የታመመበት፣ ዕቃው ከጉምሩክ የሚወጣበት ወይም ዘመዱ የሞተበት ሰው ጉዳዩን በጉባኤው ፊት መናገር ስለሚኖርበት፣ የዕቁብ ስብሰባ ነጋዴዎች አንዱ የሌላውን ጓዳ የሚያውቁበት መድረክም ሆነ። ከዕቁቡ ጎን ለሐዘንና ለቀብር የሚቆመው ዕድር ሲጨመር፣ በንግድ የሚፎካከሩት ሰዎች በሞትና በችግር የሚረዳዱ ሆኑ። ይኸው ልማድ ከመርካቶ ወጥቶ ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ ወደ ፋብሪካዎችና ወደ ባንኮች ሳይቀር ገባ፤ ዛሬ በአንድ ቢሮ የሚሠሩ ሠራተኞች ደመወዝ በተቀበሉ ማግስት የሚጥሉት የወር ዕቁብ የዚሁ ሥርዓት ቅርንጫፍ ነው፤ ለገንዘብ ያዥነት ወይም ለጥበቃ ሥራ የሚቀጠር ሰው ዋስ እንዲያቀርብ መጠየቁም ከዚሁ ልማድ የሚመዘዝ ነው።

የተጻፈው ሕግ ወደ ገበያው የመጣው ዘግይቶ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ዋስትናን ከቁጥር 1920 ጀምሮ በዝርዝር ደንግጓል፤ በቁጥር 1725 ደግሞ የዋስትና ውል በጽሑፍ እንዲሆን አዟል፤ በጽሑፍ የሚደረግ ውልም በተዋዋዮቹ ከመፈረሙ ሌላ በሁለት ምስክሮች መረጋገጥ አለበት። ገበያው ይህን ሕግ አልተቃወመም፤ ነገር ግን ለዕለት ተዕለት ግብይቱ ብዙም አላስፈለገውም። ክርክር ሲነሣ ጉዳዩ መጀመሪያ የሚቀርበው ከተራው ለተመረጡ ሽማግሌዎች ሲሆን፣ ከሰባት ቤት ጉራጌ ለመጡት የየጆካ ቂጫ፣ ከክስታኔ ለመጡት ደግሞ ጎርደና ሴራ የተባሉት ባህላዊ የሕግ ሥርዓቶች ያስተማሯቸው የሽምግልና ልምድ ለዚህ አገልግሏል። ፍርድ ቤት የሚሄደው ነጋዴ ክርክሩን ሊያሸንፍ ይችላል፤ የተራውን ዱቤ ግን ያጣል። ይህን የሚመስል ሁኔታ በሌላ ዘመንና አገር ታይቷል፤ ኢኮኖሚስቱ አቭነር ግራይፍ ገኒዛ ከተባለው የካይሮ አይሁድ ጥንታዊ የሰነድ ክምችት በመነሣት፣ በ11ኛው ክፍለ ዘመን የማግሪብ አይሁድ ነጋዴዎች በሩቅ አገር ያለ ወኪላቸውን የሚያምኑት፣ አንዱን ያታለለ ወኪል በሁሉም ዘንድ ሥራ ስለሚያጣ እንደሆነ አስረድቷል።

የደርግ ዘመን ይህን ሁሉ በብርቱ ፈተነው። ባንኮች በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ተወረሱ፤ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ በ1968 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ደግሞ የግል ነጋዴ ካፒታል በችርቻሮ ከ200,000፣ በጅምላ ከ300,000 ብር እንዳይበልጥ ተወሰነ። የሸቀጥ ሥርጭት በመንግሥት ድርጅቶችና በቀበሌ ኅብረት ሱቆች ሲያዝ፣ ለመርካቶ ነጋዴ ሕጋዊው ብድር ተዘጋ፤ ገንዘቡን በግልጽ ማሳየትም አደገኛ ሆነ። በእነዚያ ዓመታት ዕቁብ የነጋዴው ባንክ ሆነ ማለት ማጋነን አይደለም። ምስጢር መጠበቅ ራሱ የመተማመን መለኪያ በመሆኑ፣ ለመንግሥት ምስጢር ያወጣ ወይም ጎረቤቱን የጠቆመ ሰው በአንድ ቀን የሚያጣው የብዙ ዓመት ዝናውን ነበር። የመተማመን ክበቡ በዚህ ዘመን ጠበበ፤ ሰው የሚያምነው ከአንድ ቀዬ የመጣውንና ከልጅነት የሚያውቀውን ብቻ እየሆነ ሄደ፤ ይህ ጠባብነት ከደርግ በኋላም በቶሎ አልተፈታም።

ቅይጥ ኢኮኖሚ በ1982 ዓ.ም. ከታወጀ በኋላና በተለይ ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ገበያው ሲለቀቅ፣ የማይተዋወቁ ሰዎች መገበያየት ግድ ሆነባቸው። በእህል በረንዳ ይህን ክፍተት የሞላው ደላላ ነው። ደላላ ሻጭና ገዢን አገናኝቶ የአገልግሎት ዋጋ የሚቀበል ሰው ሲሆን፣ የእህል ገበያውን ያጠናችው ኢኮኖሚስት እሌኒ ገብረመድኅን እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተመችው ጥናት፣ በየክፍለ ሀገሩ ያለ ነጋዴ እህሉን ሳያይ ከሚገዛው ሰው ጋር የሚገናኘው በአዲስ አበባ ደላላ በኩል እንደሆነና፣ ደረጃ መዳቢ ተቋም በሌለበት የእህሉን ጥራት በዓይኑና በእጁ የሚያረጋግጠው ደላላው እንደሆነ አሳይታለች። እሷው የመራችው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ዓላማው የሰውን ዋስትና በደረጃ ምደባ፣ በመጋዘን ደረሰኝና በተረጋገጠ ክፍያ መተካት ነበር። በቡናና በሰሊጥ ተሳካ፤ ጤፍና ስንዴ ግን በአመዛኙ በደላላው እጅ ቆዩ፤ ይህም የቆየ የመተዋወቅ መረብ ለውጥን የሚቀበለው በሚያዋጣው መጠን ብቻ መሆኑን ያመለክታል።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. የከተማው አስተዳደር በአሮጌ ሱቆች ቦታ ላይ ፎቅ እንዲሠራ ሲገፋ፣ ባለሱቆች ቦታቸውን ላለማጣት አክሲዮን ማኅበር ማቋቋም ያዙ። ለዓመታት አብረው ዕቁብ የጣሉ የተራ ጎረቤቶች በሕግ የአንድ ድርጅት ባለአክሲዮኖች ሆኑ። የቃል መተማመን ወደ መመሥረቻ ጽሑፍ ሲሸጋገር ግን አዲስ ጥያቄ ተነሣ፤ በዕቁብ ሁሉም እኩል ይጥላል፣ እኩል ይበላል፣ ሒሳቡም በጉባኤ ፊት ይቆጠራል፤ በአክሲዮን ማኅበር ደግሞ ሥልጣን በድርሻ ብዛት ይለካል፣ ሒሳቡም በኦዲተር እጅ ነው። በተራው ሁሉም የሚያየውን ነገር የለመደ ነጋዴ፣ ከስብሰባ ክፍል በስተጀርባ የሚወሰነውን ማመን ከብዶት ነበር።

ከሁሉ የከረረው ፈተና ግን የደረሰኝ ጉዳይ ነው። የተጨማሪ እሴት ታክስ በ1995 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሲውል፣ ቀጥሎም የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ በየሱቁ ሲገባ፣ ለዘመናት በቃል የኖረው ልውውጥ እያንዳንዱ እርምጃ ወረቀት እንዲኖረው ተጠየቀ። ከአስመጪ ጀምሮ ደረሰኝ ሳይቆረጥ የወረደ ዕቃ በቸርቻሪው እጅ ሲገኝ ተጠያቂው ቸርቻሪው ሆነ፤ ቸርቻሪው ደግሞ ያመጣለትን ጅምላ ሻጭ ቢያጋልጥ ዱቤውን ያጣል፣ ቢደብቅ ይቀጣል። በኅዳር 2017 ዓ.ም. ያለ ደረሰኝ የሚሸጥ ዕቃ ይወረሳል በሚል ሥጋት በርካታ የመርካቶ ሱቆች ተዘግተው መዋላቸው የዚህ ጭንቀት ውጤት ነበር። ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በሸማ ተራ የተነሣው እሳት ደግሞ የዚሁ ሥርዓት ሌላ ገጽታ ያሳያል፤ በእንዲህ ያለ ቃጠሎ ከዕቃው ጋር የዱቤ መዝገቡም ይጠፋል፣ የኢንሹራንስ ሰነድ የሌለው ነጋዴም ካሣ የሚጠይቅበት ቦታ የለውም፤ የተበተነው ዱቤ የሚሰበሰበው ባለዕዳዎቹ ራሳቸው መጥተው ሲከፍሉ፣ አዲሱ ዕቃም የሚገኘው የቀድሞ ጅምላ ሻጮች እንደገና በዱቤ ለመስጠት ሲፈቅዱ ነው።